ያውቁ ኖሯል? ጁፒተር በኩታበር አናት ላይ

በፕላኔት ፎቶ አንሺነቱ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ዴሚየን ፒች፣ ለአንድ ጥሩ ፎቶ ሲል ካሪቢያን ባሕር ውስጥ እስካለችው ባርቤዶስ ድረስ እንደሚጓዝ ያውቁ ኖሯል? ባርቤዶስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ13 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ኩታበር ደግሞ በ11 ዲግሪ ላይ ናት። እሱ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ የሚሄድበትን ሰማይ የኩታበር ሰው በጓሮው ያገኘዋል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕላኔቶች ሰማይን የሚያቋርጡት ፀሐይ በምትሄድበት መንገድ አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ በኩታበር አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች። መስከረም 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ሳተርን ከምድር አንጻር ከፀሐይ ትይዩ ስትሆን፣ ለንደን ላይ በእኩለ ሌሊት ግድም ቢበዛ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ኩታበር ላይ 80 ዲግሪ ትደርሳለች። ለንደን ላይ ያለው ሰው የሚያያት አንድ ተኩል እጥፍ በሚሆን አየር ውስጥ አሻግሮ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ከከባቢ አየሩ ሩብ ያህሉ ከእግሩ በታች ቀርቶለታል።

ጁፒተር በስፋት ከጨረቃ 40 ጊዜ ያህል አንሳ እንደምትታይ ያውቁ ኖሯል? ስለዚህ 40 እጥፍ ብቻ በሚያጎላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት፣ ባዶ ዓይን የሚያያትን ጨረቃ ታክላለች። ብዙ ሰው ይህን አያምንም፤ ሌንሱ ውስጥ ካየ በኋላም አያምንም።

ለፕላኔት ፎቶ ዋናው ጠላት የከተማ መብራት አለመሆኑንስ? ጁፒተርም ሳተርንም በራሳቸው ደማቆች ናቸው፤ አዲስ አበባ መሃል ቦሌ ላይ ሆኖ ጥሩ አድርጎ ማንሳት ይቻላል። ጠላቱ የሚርገበገብ አየር ነው። በቀትር አስፋልት ላይ እንደሚታየው ትርግብግቢት ያለ ነገር ሌሊትም አለ፤ ዓይን አያየውም እንጂ ቴሌስኮፑ አጉልቶ ያሳየዋል። በዚህ ረገድ የኩታበር ጓሮ የራሱ ጣጣ አለበት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው የጎረቤት ቆርቆሮ አመሻሹ ላይ ሙቀቱን እየተፋ ነው፤ በቆርቆሮው ላይ አሻግሮ የተነሳ ጁፒተር ጠርዙ ይቀልጣል። የእራት ምድጃ ጭስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንሺው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ምድጃው ሲዳፈንና ጣራው ሲቀዘቅዝ ቢጀምር ይሻለዋል። ቴሌስኮፑ ራሱ ከሞቀ ቤት ወጥቶ ወዲያው አይሠራም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ጋር እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት፣ ትልቅ መስታወት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት አለበት። ጋቢ የሚያስፈልገው ለአንሺው እንጂ ለመሣሪያው አይደለም።

በመጽሔት ላይ የሚያዩት የሚያምር የሳተርን ፎቶ አንድ ፎቶ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? አንሺው ካሜራውን ቴሌስኮፑ ላይ ገጥሞ ቪዲዮ ይቀርጻል። ቪዲዮው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፍሬሞች አሉት፤ አብዛኞቹ አየሩ ያደፈረሳቸው ናቸው። አልፎ አልፎ ግን አየሩ ለሰከንድ ሽራፊ ጸጥ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት የተቀረጸው ፍሬም ጥርት ያለ ነው። እንደ ኦቶስታከርት ያለ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ፍሬሞቹን እያንዳንዳቸውን መዝኖ የተሻሉትን ይመርጣል፤ ከመቶ 10 ወይም 20 ያህሉን ብቻ አስቀርቶ አንዱን በሌላው ላይ ይደርባቸዋል። 900 ፍሬም ሲደረብ የምስሉ ሻካራነት በ30 እጥፍ ይቀንሳል፤ ስሌቱ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። ከዚያ ሌላው ነጻ ሶፍትዌር ሬጂስታክስ ይመጣና የደበዘዙትን ዝርዝሮች ያወጣል። እዚህ ላይ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ አለልክ የተሳለ ፎቶ ጁፒተር ላይ የሌለ መስመር ይፈጥራል። ጀማሪን ከልምድ ሰው የሚለየው ይኸው ነው።

ደግሞስ እንደ ልብ ረጅም ቪዲዮ ልቅረጽ ማለት አይቻልም። ከምድር በ11 እጥፍ የምትሰፋው ጁፒተር አንድ ዙር ራሷን የምትዞረው 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው፤ ከሁለትና ሦስት ደቂቃ ካለፈ በላይዋ የሚታየው ቀዩ ትልቅ ነጥብ ቦታውን ለቆ ምስሉ ይጨማለቃል።

በስልክስ? ይቻላል። ካሜራውን ዓይን በሚያርፍበት ሌንስ ላይ ማስደገፍ፣ ብርሃኑን መቀነስ፣ ከዚያ ቪዲዮ። ብርሃኑ ካልተቀነሰ የሚያገኙት ነጭ ክብ ብቻ ነው።

ከኩታበር ጋር በአንድ ዲግሪ ልዩነት ብቻ፣ በ10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ባለችው የፊሊፒንስ ከተማ ሴቡ የሚኖር ክሪስቶፈር ጎ የተባለ አማተር፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 ጁፒተር ላይ አንድ ነጭ አውሎ ነፋስ ወደ ቀይ መቀየሩን ከሁሉ ቀድሞ እንዳየ ያውቁ ኖሯል? ዛሬ ያ አውሎ ነፋስ ታናሹ ቀይ ነጥብ ይባላል። ለእኔ ከዚህ ዓምድ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ሰማዩ አንድ ነው፣ የጎደለን መሣሪያውና ልማዱ ነው።

አውስትራሊያዊው አንቶኒ ዌስሊ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2009 ሌሊት ጁፒተርን ሲያነሳ ሰማዩ አላምር ብሎት ሊያቆም ጥቂት ሲቀረው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ገብቶ ቴሌቪዥን ላይ ስፖርት አየ። ሲመለስ በፕላኔቷ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ ጥቁር ጠባሳ አገኘ። አንዳች ነገር ጁፒተርን መትቷት ነበር። ሃዋይ ያለው የናሳ ቴሌስኮፕ አረጋገጠ፤ ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም በቀናት ውስጥ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። የመጀመሪያው ዓይን ግን የአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራመር ጓሮ ነበር።

ከአፍሪካም አለን። ደቡብ አፍሪካዊው አማተር ክላይድ ፎስተር እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2020 ጁፒተር ላይ አዲስ ነጥብ አገኘ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የናሳ መንኮራኩር ጁኖ በላዩ አልፎ ቀረበና አነሳው። ነጥቡ የክላይድ ነጥብ ተባለ።

የጁፒተር ጨረቃዎች ጎንደርን በካርታ ላይ ለማስቀመጥ እንደረዱ ያውቁ ኖሯል? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ቴሌስኮፕ ይዞ ነበር። ጨረቃዎቹ በጁፒተር ጥላ ውስጥ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት አስቀድሞ በአውሮፓ በሰንጠረዥ ይሰላ ነበር፤ እሱ ያየበትን የአካባቢውን ሰዓት ከሰንጠረዡ ጋር አስተያይቶ ከግሪንዊች ምን ያህል ወደ ምሥራቅ እንደራቀ አወቀ። የአባይን ምንጭ ግሽንም በዚሁ መንገድ ለካ።

አናት ላይ ያለ ፕላኔት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ርካሹና ለጀማሪ የሚመከረው ዶብሶኒያን የሚባለው ቴሌስኮፕ ነው። የቀድሞ መነኩሴ የነበረው ጆን ዶብሰን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከወፍራም የካርቶን ቱቦና ከኮምፖልሳቶ እየሠራ፣ መንገድ ላይ አቁሞ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ያሳይበት ነበር። መስታወቱ ከተገኘ ሳጥኑን የደሴ አናጢ የማይሠራው ነገር አይደለም። ችግሩ ይህ ቴሌስኮፕ ቀጥ ብሎ አናት ሲያይ ግራና ቀኝ ለማዞር ያስቸግራል፤ ፕላኔቷ ከሌንሱ ታመልጣለች። መፍትሔው፣ ፕላኔቷ ልክ አናት ከመድረሷ በፊት ወይም ካለፈች በኋላ ማንሳት ነው።

ባለ ሞተሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የምድርን መዞር እንዲከተል አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። ሰሜን ኮከብ ኩታበር ላይ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፤ በስተሰሜን ተራራ ወይም የባሕር ዛፍ መደዳ ካለ ጭራሽ አይታይም። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ ማቆሚያዎችም ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች ዝቅ አይሉም። ገዢ ሆይ፣ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው። የአዲስ አበባ መብራት እየበረታ በመምጣቱ ለተሻለ ጣቢያ ከታጩት ቦታዎች መካከል የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ይገኙበታል፤ የወሎ ሰማይ ታጭቷል ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በግርዶሽ የእሳት ቀለበት የሆነችውም እዚያው ላሊበላ ላይ ነበር። (ፀሐይን በቴሌስኮፕ ያለ ልዩ ማጣሪያ ማየት ዓይን ያጠፋል። ይህ ቀልድ አይደለም።)

ኢትዮጵያ ስም ያወጣችላት ፕላኔት እንዳለች ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት አገሮች ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ ላሉ ዓለማት ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር። ለእኛ የደረሰችው ኮከብ ቡና ተባለች፤ የምትዞራት ፕላኔት አቦል። ቡና ወደ 200 የብርሃን ዓመት ግድም ትርቃለች፤ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ በባይኖኩላር ትታያለች። አቦልን ግን ማንም የጓሮ ቴሌስኮፕ አያነሳትም።

የሚነሱትስ መቼ ናቸው? የደቡብ ወሎ ሰማይ ደህና የሚሆነው ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ሳተርን በመስከረም 2019 ዓ.ም. በሰዓቷ ትመጣለች። ቀለበቷ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በጎኑ ዞሮ ለዓይን ጠፍቶ ነበር፤ አሁን በየዓመቱ እየተከፈተ ይሄዳል። ጁፒተርና ማርስ ደግሞ በዚያው በ2019 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በሳምንት ገደማ ልዩነት፣ ሁለቱም በኩታበር አናት አጠገብ ከፀሐይ ትይዩ ይሆናሉ፤ የማርስ ቀን የካቲት 12 ነው። ማርስ በዚህ ዙር ትንሽ ናት፣ ከጨረቃ 130 ጊዜ ያህል የምታንስ። የበልጉ ደመና ቀድሞ ከመጣ ደግሞ የሚቀጥለው የማርስ ተራ መጋቢት 2021 ዓ.ም. ነው፤ እሱም በበልግ።