ጋቢ ከመግዛታችሁ በፊት ጠጋ በሉ

ባለሱቆቹ ሳይሰሙን ልንገራችሁ። ሽሮ ሜዳ ላይ «ንጹሕ ፈትል ነው፣ የኔ እናት!» እየተባለ የሚዘረጋላችሁ ጋቢ ሁሉ ንጹሕ ፈትል አይደለም። የዛሬ ጋቢ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የተፈተለው ማጉ ነው። እሱ አያስከፋም፤ የፋብሪካ ክር ተወጥሮ ሲመታ ቶሎ አይበጠስም። ማጉም የፋብሪካ ከሆነ ግን ለፎቶ እንጂ ለእንጦጦ ሌሊት አይሆንም።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ምኒልክና ጣይቱን ከዚያ አናት ላይ ወደ ፍል ውሃ ካወረዷቸው ምክንያቶች አንዱ ብርዱ ነው፤ እቴጌይቱ አዲስ አበባን የሰየሟት በ1879 ዓ.ም. ነበር። ተራራው ሥር፣ ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ደግሞ ብዙዎቹ የጋሞ ደጋ ልጆች ናቸው፤ ከዶርዜና ከጨንቻ። ብርድ አዲስ አልሆነባቸውም፤ ቡልኮ የነሱ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ጋቢውን ወደ ብርሃን ያዙት። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይቀጥናል። ልክክ ብሎ እኩል ከሆነ ጠርጥሩ። አዲስ ጋቢ ድርቅ ማለቱ ጥራት አይምሰላችሁ፤ ድሩ እንዲጠነክር የተቀባው የዱቄት ሙቅ ነው፣ ሲታጠብ ይሄዳል። ያኔ ላላ ተደርጎ የተፈተለው ማግ ያብጣል፣ አየር ይይዛል። ጋቢ አራት ድርብ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሙቀቱ ያለው በመካከሉ ባለው አየር ውስጥ ነው።

ስለ ሸማኔው ሁሉም ያወራል። ፈታይዋን የሚጠይቅ የለም። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ሲወጣ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሷ ነው። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቅና ባዘቶውን በሁለት ጣቷ እየሳበች ታቀጥነዋለች፤ ዓይኗ ግን ጎረቤቷ ላይ ነው፣ ወሬውም አይቋረጥም። ሥራው የብቻ አይደለም። ቡና ሲፈላ ሁሉም የየራሷን እንዝርት ይዛ ትመጣለች፤ ልጅ የምትድር ካለች ልቃቂቱ ቶሎ እንዲሞላላት ያግዟታል። በበዓል ቀን ግን እንዝርት አይነካም፤ ስለዚህ በዓላት በተደራረቡበት ወር ፈትል ይጠፋል፣ ዋጋም ይወጣል።

ሌላም አለ። የራሳችሁን ፈትል ለሸማኔ የምትሰጡ ከሆነ ልቃቂቱን በፊቱ መዝኑት፤ ጋቢውንም ስትረከቡ እንዲሁ። የሚቀየም ሸማኔ አላየሁም፤ የሚቀየመውን እኔም አላሠራውም።

«ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል» የሚለው ሕግም እዚሁ ሰፈር ተሰብሯል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው መሸመኛው ላይ ተቀምጠዋል። ሻርፓቸውን ከሥራ ቦታቸው ሄዳችሁ ግዙ። እዚያ «ማጉን ማን ፈተለችው?» ብትሉ በጣት ጠቁመው ያሳዩአችኋል፤ ሱቅ ውስጥ ግን ይህን ጥያቄ ብትጠይቁ ባለሱቁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዋጋ ይቀንስላችኋል።