መብራት ሲሄድ የሚሠራውን መሣሪያ ማን ይጠብቀው?

እንደሚታወቀው ወላይታ ሶዶ ዛሬ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ኃይል መገናኛ ሆናለች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ የጀመረው የኬንያ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ከሶዶ ነው። ይሁንና ትልቅ መስመር በአናት ላይ አለፈ ማለት በየገጠሩ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ወደ ኪንዶ ኮይሻ ወይም ወደ ሁምቦ የሚወርደው ቀጭን መስመር ነፋስና ዝናብ ሲበረታበት፣ ዛፍ ሲወድቅበት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ት/ቤቱም ሆነ የስልክ ማማው የሚተማመኑት በባትሪና በጄነሬተር ነው።

«ታዲያ ይህ መምህሩን ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በጣም ያገባዋል እንጂ! ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሳተላይት ይሰራጭ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። መብራት ሲሄድ ስርጭቱ ቆሞ አይጠብቅም ነበር፤ መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ አልፏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። ትምህርትና ፈተና ወደ ኮምፒዩተር በዞረ ቁጥር የባትሪ ጉዳይ የተማሪው ጉዳይ እየሆነ ይመጣል።

ሀ/ ባትሪ እንዴት ያታልላል?

ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12.2 ሲወርድ በግማሽ ጎድሏል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሙላቱን እንጂ እርጅናውን አይነግረንም። በሂሳብ እንየው። 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 600 ይሆናል። የኔትዎርክ ዕቃዎቹ በጠቅላላው 40 ዋት ቢወስዱ፣ የሚባክነውን ትተን፣ 15 ሰዓት ያሠራናል። ከምሽቱ 12 ሰዓት መብራት ቢሄድ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ያደርሰናል ማለት ነው። አሁን ባትሪው አርጅቶ አቅሙ በግማሽ ቀንሷል እንበል። ያው ሂሳብ 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሰጣል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ሁለቱም ባትሪዎች ሞልተው በቴስተር ሲለኩ ግን ተመሳሳይ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። የቻርጀሩም አረንጓዴ መብራት ለሁለቱም እኩል ይበራል።

ስለዚህ ትክክለኛው ምርመራ ሥራ ሰጥቶ ማየት ነው። ትምህርት በሌለበት ቀን ዋናውን መብራት አጥፍቶ ዕቃዎቹን በባትሪ ማሠራትና ቮልቱን በየሰዓቱ መጻፍ ይገባል። ከስድስት ወር በፊት እስከ 12.2 ለመውረድ 12 ሰዓት የፈጀበት ባትሪ አሁን በ7 ሰዓት ከወረደ እየደከመ ነው። ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። በዚህ የተነሣ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ቆላ ላይ የተቀመጠው ባትሪ በዳሞታ ደጋ ካለው ቀድሞ ያረጃል። ጄነሬተርም ቢሆን የራሱ ማስነሻ ባትሪ አለው። ናፍጣ ሞልቶለት አልነሣም የሚለው ብዙ ጊዜ ይህቺ ትንሽ ባትሪ ስትሞት ነው።

ለ/ ከሩቅ መጠበቅ

በስልክ ማማዎች አብዛኛው ዕቃ የሚሠራው በ48 ቮልት ባትሪ ነው። አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ ቮልቱን፣ ሙቀቱን፣ የናፍጣውን መጠን፣ የበሩን መከፈት ሳይቀር እየለካች ወደ ማዕከል ትልካለች። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። መልእክቱ የሚሄደው በዚያው በሚጠበቀው ኔትዎርክ ከሆነ፣ ኔትዎርኩ ሲሞት መልእክተኛውም አብሮ ይሞታል። በመሆኑም መሣሪያዋ ችግር ባይኖርም በየአምስት ደቂቃው «አለሁ» እንድትል ይደረጋል። «አለሁ» ማለቷን ካቆመች ማዕከሉ እንደ አደጋ ቆጥሮ ሰው ይልካል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው በዚህ ሙያ አይሠራም።

ሐ/ ከቅርብ መጠበቅ

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሌለው ት/ቤት አንድ ደብተርና አንድ ቴስተር ይበቃዋል። በደብተሩ ቀኑ፣ ቮልቱ፣ መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓት፣ የናፍጣው መጠን፣ ክዳኑ ለሚከፈት ባትሪ ደግሞ የባትሪ ውሃው ከፍታ ይጻፍ። ሌሊቱን የሚያድሩት የግቢው ጥበቃ ስለሆኑ መብራት የሄደበትን ሰዓት ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የመዝገቡ ተካፋይ ይሁኑ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ክፍሉ አየር ያግኝ፣ ክብሪትና ሲጋራም አይድረስበት።

እኛም ለማስተማር ልምምድ በየወረዳው ስንወጣ፣ በተመደብንበት ት/ቤት «ባትሪው መቼ ነው በሥራ ላይ የተፈተነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከጠፋ፣ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ አግኝተን የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ ከተማሪዎቹ ጋር እናስምር። ከላይ ያየነው ሂሳብም ለ8ኛ ክፍል ጥሩ የማካፈል ጥያቄ ይወጣዋል።