ዕድሜን ማርዘም፦ ከደንቢያ ሜዳ እስከ ሕዋሳችን

አረጋውያን ሲመርቁ «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» ይላሉ። ማቱሳላ 969 ዓመት እንደኖረ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል። ለመሆኑ ሳይንስ ይህን ምርቃት እስከ ምን ድረስ ሊፈጽመው ይችላል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከጎንደርና ከአካባቢዋ ታሪክ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

ሁለት ትርጉሞች

ዕድሜን ማርዘም ሲባል ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ሰው ያለጊዜው እንዳይሞት መከላከል ሲሆን ሁለተኛው የሰው ልጅ ሊኖር የሚችለውን የመጨረሻ ወሰን መግፋት ነው። ከአምስት ልጆች ሁለቱ በአንድ ዓመታቸው ቢሞቱና ሦስቱ 70 ዓመት ቢኖሩ አማካይ ዕድሜያቸው 42.4 ዓመት ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያ ዕድሜ የሞተ አንድም የለም። ስለዚህ የአማካይ ዕድሜ ማነስ ቀድሞ ሽማግሌ አልነበረም አያሰኝም። የደራሲው ማንነት ምሁራንን ቢያከራክርም፣ የእንፍራዙ ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ 93 ዓመት እንደኖረ ተተርኳል።

ደጋው እንደ መድኃኒት

የወባ ተሕዋስ በትንኟ አካል ውስጥ ለማደግ ሙቀት ያስፈልገዋል። አደገኛው ፋልሲፓረም ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱ ይገታል ለማለት ይቻላል። ደገኛው ሳያውቀው በብርዱ ተጠብቆ ኖረ። ከጎንደር ወደ ጣና ዳርቻ ሲወረድ ግን የደንቢያ ሜዳ ይገኛል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1953 ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻም ይኸው ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠለጠነ። አደጋው ግን በዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል።

ክትባት፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና አጎበር እጅግ ተራ ነገሮች ይመስላሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 47 ዓመት ገደማ የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ65 በላይ እንዲደርስ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኞቹ እነዚህን የመሰሉ ናቸው።

የሕዋስ ወሰን

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በተረጋገጠ መዝገብ ረጅሙን ዕድሜ የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ያረፉት በ122 ዓመታቸው ነው። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት የሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን ያቆማል። በክሮሞሶም ጫፍ ያለው ቴሎሜር በየክፍፍሉ ያጥራልና። ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ጫፉን መልሶ ያረዝማል፤ በዚህ ዙሪያ የተደረገው ምርምርም እ.ኤ.አ. የ2009ን የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ያለ ገደብ የሚራቡት በዚሁ ኢንዛይም ነው። የሕዋስን ወሰን ማንሣት ብቻውን ረጅም ዕድሜ አይሆንም።

የማን ዕድሜ?

እዚህ ላይ ሳይንሱ ለፍልስፍና ቦታ ይለቃል። የአንዱን ሰው ዕድሜ ከ90 ወደ 120 ማድረስና አንድን ሕፃን ከወባ ማትረፍ ሁለቱም ዕድሜ ማርዘም ይባላሉ። ሕፃኑ ግን ገና አንዱንም የሕይወት ምዕራፍ አላየም። በእኛ እምነት ቅድሚያው ለእርሱ ይገባል። የተገኘውም ቢሆን ዘላቂ ዋስትና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች ወባ በሞቃታማ ዓመታት ሽቅብ እንደሚወጣ አሳይቷል። ዓለም እየሞቀች ከሄደች ብርዱ ደገኛውን ሁልጊዜ አይጠብቀውም። ያን ጊዜ የምርቃቱ ፍጻሜ የሚወሰነው ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠው በሚማሩት ወጣቶች እውቀትና ትጋት ይሆናል።