መሣሪያው ለመምህሩ እንጂ መምህሩ ለመሣሪያው አይደለም

መሣሪያ በራሱ ታሪክ አይሠራም። ማረሻ ያለ ገበሬ፣ መርፌ ያለ ልብስ ሰፊ፣ መዶሻም ያለ ቀጥቃጭ የሞተ ብረት ነው። ለመሣሪያ ሕይወት የሚሰጠው የሠራተኛው ጉልበትና በጉልበቱ ውስጥ የተከማቸው ዕውቀት ነው። ይህን ሐቅ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ለሚሠራ ወዝአደር ማስረዳት አያስፈልግም። ቁራሌው ከየሠፈሩ ሰብስቦ ያመጣው ቆርቆሮና በርሜል በዚህ ሠራተኛ እጅ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀው የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል። በመርካቶ «ተበላሸ» ማለት «አለቀ» ማለት አይደለም።

ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ፊታችንን ስናዞር ግን ይህ ግልጽ ሐቅ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ እናገኘዋለን። መሣሪያው ሲመጣ ሥራው እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ፣ ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ሪባን ሲቆረጥ «ትምህርቱ ዘመነ» ይባላል። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በመሆኑም ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ጥያቄ ነው፦ የትምህርት መሣሪያ ለማን፣ በማን ዕቅድና በማን ቁጥጥር?

ጥያቄው የማን ነው?

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ የማን ልጆች እንደሚማሩባቸው የመርካቶ ነዋሪ ያውቃል። ከንጋት እስከ ምሽት ጆንያ ሲሸከም የሚውለው ወዝአደር ልጅ፣ የጉልት ቸርቻሪዋ ልጅ፣ በየሱቁ የሚላላከው ተቀጣሪ ልጅ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሱቅ በደረቴ አንግቶ ወይም የሊስትሮ ሣጥን ይዞ የዕለት ጉርሱን የሚፈልገውም ከዚያው ወገን ነው። ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ይልካል፤ በቤቱም ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያቀርብለታል። የሠራተኛው ልጅ ግን ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ሌላ ክፍል የለውም። ያ ክፍል ተቆልፎ ከዋለ ለእርሱ የዘመኑ ዕውቀት በር በዚያው ልክ ተዘጋበት ማለት ነው።

ጉዳዩ ለነገ የሚባል እንዳልሆነ የሚያሳየው የፈተናው ሁኔታ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሉ ፈተናውን በኮምፒዩተር ወስደዋል። እንግዲህ ጣቱን ከኮምፒዩተር ቁልፎች ጋር ያላለማመደ ልጅ ዕውቀቱ ከመመዘኑ በፊት በመሣሪያው ባይተዋርነት ሊሸነፍ ይችላል። መሣሪያን ማወቅና አለማወቅ በድሃውና በሀብታሙ ልጅ መካከል አዲስ ግንብ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም።

ያለፈው ዘመን ተሞክሮ

ትምህርትን በመገናኛ መሣሪያ ማገዝ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ትምህርት ማሰራጨት ጀምሯል። የትምህርት ራዲዮም በየክፍላተ ሀገሩ ጣቢያዎች ተተክለውለት ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ረዳት ሆኖ አገልግሏል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኘው ከብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው። ዘመቻው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ሲጀመር የነበረው መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ፊደል ገበታና ራዲዮ ነበር። ሆኖም የከተማ ነዋሪዎችና የገበሬዎች ማኅበራት አዳራሻቸውን ከፈቱ፤ የተማረው ያልተማረውን አስተማረ፤ ትምህርቱም በሂደት በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያሰጠውም የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን የሰው ቅንብር ነበር። እውነቱን ሳንሸፋፍን ለመናገር፣ ጦርነቱና የንባብ ጽሑፍ እጥረት በኋላ ብዙዎቹን አዲስ አንባቢዎች ወደነበሩበት መልሷቸዋል። ይህም ራሱ ያው ትምህርት ነው፦ ዘመቻ ያለ ቀጣይ ዕቅድ የገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል።

በዚያው ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላትም ሊዘነጉ አይገባም። መምህራን በአካባቢያቸው ከሚገኝ እንጨት፣ ካርቶን፣ ሸክላና ቆርቆሮ የማስተማሪያ መርጃ ያዘጋጁባቸው ነበር። መርጃው የረቀቀ አልነበረም። ቢሆንም የሠራው መምህር ያውቀዋል፤ ሲሰበር ይጠግነዋል፤ ለየትኛው ትምህርት እንደሚጠቅምም ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

«ፕላዝማው» ያስተማረን

ከዚህ የተለየው ተሞክሮ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ ሕዝቡም በአጭሩ «ፕላዝማ» ያለው የሳተላይት ትምህርት ነው። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። በገጠርም በከተማም ያለው ተማሪ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በምስል እንዲያይ ታስቦ ነው። ጉድለቱ የነበረው በአሠራሩ ላይ ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በአንድ ሰዓት ለመላው ሀገር ይተላለፍ ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል የቴሌቪዥኑ፣ መግቢያና መዝጊያው የመምህሩ ሆነ። ተማሪው ባልገባው ቦታ «ይቁምልኝ» ማለት አልቻለም፤ መምህሩም ሊያቆመው አልቻለም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ። በመርካቶ ነጋዴና ደንበኛ እንኳ ሳይጠያየቁ አይገበያዩም፤ በክፍል ውስጥ ግን ጥያቄ የማይሰማ መምህር ተተከለ።

የችግሩ ሥር ምን ነበር? መሣሪያው አዛዥ፣ መምህሩ ታዛዥ መደረጉ ነው። ዓመታት የደከመበት መምህር ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሲሆን ሙያዊ ክብሩ ይነካል፤ ክብሩ የተነካ ሠራተኛም የሥራው ባለቤት ሊሆን አይችልም። በኋላ በተካሄዱ ጥናቶች የፍጥነቱና የቋንቋው ችግር ተደጋግሞ ተነሥቷል።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አልነበረም። ኮትዲቯር በ1971 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ መሥርታ ነበር። ወጪው ከብዶ፣ የመምህራንና የወላጆች ተቃውሞ በርትቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሥራው ቆመ። ፔሩ ከ800,000 በላይ ትናንሽ ኮምፒዩተሮችን ለተማሪዎች አደለች። በ319 ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ግን ልጆቹ በሒሳብና በቋንቋ ያሳዩት የውጤት ለውጥ አላገኘም። በአንጻሩ «አዎ፣ እችላለሁ» የሚል ስያሜ ያለው የኩባ የመሠረተ ትምህርት ዘዴ በ2006 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። እርሱም ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይጠቀማል፤ ልዩነቱ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ የሚቀመጥ አስተባባሪ ያለው መሆኑ ነው። መሣሪያው ተመሳሳይ ሲሆን ውጤቱ የተለያየው በሰው አደረጃጀቱ ነው።

በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዘጉ በመላ ሀገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆኑ። ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀረበ። ጥረቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአንዲት ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት፣ ያለው አንድ ስልክ ከአባት ጋር ወደ ሥራ በሚሄድበት ኑሮ፣ ትምህርቱ ተላልፏል ማለት ደርሷል ማለት አይደለም።

ሞዴል 19 የማይቆጥረው

አንድ ዕቃ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሥራ ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ቅጾቹ ያስፈልጋሉ፤ የሕዝብ ንብረት ያለ መዝገብ አይጠበቅም። ሆኖም ሁለቱም ቅጾች የሚቆጥሩት ዕቃውን ነው። በዚህ ኮምፒዩተር በሳምንት ስንት ተማሪ ስንት ሰዓት ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ አይደሉም። ዕቃው ከጠፋ ወይም ከተሰበረ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ዕቃው ሳይሠራ ዓመት ቢቀመጥ ግን የሚጠየቅ የለም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ለርእሰ መምህሩም ሆነ ለንብረት ክፍሉ አስተማማኙ መንገድ በሩን መቆለፍ ይሆናል። የተቆለፈ ኮምፒዩተር ከመዝገብ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ተማሪው ነው። ይህን ቢሮክራሲያዊ አመለካከት በግለሰቦች ላይ ጣት በመቀሰር ብቻ ልናስወግደው አንችልም። አሠራሩ ራሱ መለወጥ አለበት።

ዕቅዱ ምን መምሰል አለበት?

አንደኛ፣ ዕቅድ ከዕቃ ዝርዝር ሳይሆን ከትምህርቱ ይነሣ። የኬሚስትሪ መምህሯ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ልታስረዳው ያልቻለችው የትኛው ርእስ ነው? የጂኦግራፊ መምህሩ የትኛው ካርታ ይጎድለዋል? መልሱ ኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል፤ ራዲዮ ወይም ከካርቶን የተሠራ ሞዴልም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የግዢው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። መሣሪያው በካፒታል በጀት ወይም በእርዳታ ይገባል፤ መለዋወጫው፣ ጥገናው፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ወጪው ግን በየዓመቱ ከሥራ ማስኬጃው የሚወጣ ነው። ይህ ወጪ በዕቅዱ ካልተያዘ ስጦታው ዕዳ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው ከዕቃው ይቅደም። መምህሩ የሚለማመድበት ሰዓት በሥራ ክፍፍሉ ይያዝለት። ትምህርቱን የማቆም፣ የመድገምና በራሱ ቋንቋ የማብራራት ሥልጣንም የእርሱ ይሁን።

አራተኛ፣ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማዕከላት የጋራ የጥገና ሥራ ይሥሩ። በመርካቶ ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የተቀራረቡ ናቸው። አንድ ሙያተኛ በእግሩ ብዙዎቹን ሊያዳርስ ይችላል። መሣሪያው ተመሳሳይ ዓይነት ሆኖ ከተገዛ ከሁለት የተበላሹ አንድ የሚሠራ ማውጣት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ልዩ ልዩ ዓይነት ከሰበሰበ ግን መለዋወጫ የማይገኝለት ክምር ብቻ ይተርፋል።

አምስተኛ፣ ሒሳቡ ለሕዝብ ይገለጥ። በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ስንት መሣሪያ እንደሠራ፣ ስንቱ እንደቆመ፣ ስንት ተማሪ ስንት ሰዓት እንደተጠቀመበት በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃደኝነትን ብቻ ይጠይቃል።

የነዋሪውና የሠራተኛው ድርሻ

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። በየሠፈሩ ማኅበርና እድር ያላችሁ ወላጆች በወላጅ፣ በተማሪና በመምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የምትጠሩት ለመዋጮ ብቻ መሆን የለበትም። የሚያዋጣ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። «የኮምፒዩተሩ ክፍል በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? ልጄ በተራው ስንት ጊዜ ይደርሰዋል? የተበላሸው መቼ ይጠገናል?» ብሎ ለመጠየቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

የመርካቶ ሠራተኛ ከመጠየቅም አልፎ የሚሰጠው አለው። በየተራው በጠባብ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው፣ በትንሽ መፍቻና በብየዳ ካውያ ሌላው የጣለውን ስልክ ነፍስ የሚዘሩበት ወጣቶች የሚኖሩት ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች አጥር ማዶ ነው። ብዙዎቹም ከዚያው ወንበር የተነሡ ናቸው። የንብረት ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ፣ ተገቢው ክፍያ ታስቦላቸው፣ ከቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ጋር ተቀናጅተው የትምህርት ቤቱን መሣሪያ ቢጠግኑ ሁለት ጥቅም ይገኛል። መሣሪያው ይሠራል፤ ተማሪውም መሣሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተአምር ሳይሆን የአካባቢው ሰው ከፍቶ የሚያየው፣ የሚያውቀውና የሚያድነው ነገር መሆኑን በዓይኑ ያያል።

አንዳንዶች ከፕላዝማው ጉድለት ተነሥተው «ጠመኔ ይበቃናል» ይላሉ። ይህም ሌላው የስሕተት ጫፍ ነው። የሀብታሙ ልጅ በማያን እየተመራ ወደፊት ሲራመድ የሠራተኛውን ልጅ በጠመኔ ብቻ ተወሰን ማለት ሎሌነትን በትሕትና ስም መፍረድ ነው። እኛ የምንለው መሣሪያው ይምጣ፤ ሲመጣ ግን አዛዥ ሆኖ ሳይሆን የመምህሩና የተማሪው አገልጋይ ሆኖ ይምጣ ነው።

እንግዲህ የአንድ ትምህርት ቤት ሥልጣኔ የሚመዘነው በግምጃ ቤቱ ባለው የካርቶን ቁጥር አይደለም። የሚመዘነው የተሸካሚው ልጅ ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ፣ መምህሩ ከጎኑ ቆሞ፣ ያልገባውን ጠይቆ መልስ ባገኘበት ሰዓት ብዛት ነው። ያንን ሰዓት እንቁጠር፤ የተቆለፈውንም በር እናስከፍት።