የሩጫ ጫማ ዋጋ በትንፋሽ ይለካል

አንድ ጥንድ የሩጫ ጫማ በ500 ዶላር ይሸጣል ቢባል ቀደም ሲል የሚያምን አይገኝም ነበር። አዲዳስ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 «አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1» የተሰኘውን ጫማ በዚሁ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ገደማ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር አትሌት ትዕግስት አሰፋ ይህንኑ ጫማ ተጫምታ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። የወቅቱን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰንም ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች።

ለዋጋው መናር መነሻው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ልኬትም ነው። ሯጩ ጭንብል አጥልቆ በመሮጫ ማሽን ላይ ይሮጣል። መሣሪያው የሚጠቀመውን ኦክስጅንና የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመዘግባል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ጫማው ብቻ እየተቀያየረ ልዩነቱ ይሰላል። ነገሩ መኪና በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንደማለት ነው።

በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት የናይኪን የሙከራ ጫማ በ18 ሯጮች ፈትሾ፣ ጫማው በአማካይ 4 በመቶ ኃይል እንደሚቆጥብ አሳየ። የጥናቱን ወጪ የደገፈው ናይኪ ራሱ ነበር። ኩባንያው ቁጥሩን የጫማው ስም አድርጎ «ቬፐርፍላይ 4 ፐርሰንት» ሲል ሸጠው። ተፎካካሪዎቹም ተከተሉት። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ጣልቃ ገብቶ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ።

ነጋዴው «አማካይ» የምትለዋን ቃል ልብ ሊላት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት 7 የኬንያ ታላላቅ ሯጮችን በአዳዲሶቹ ጫማዎች ለክቶ ነበር። ከቀጭኑ የውድድር ጫማ ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ ከ11 በመቶ በላይ ጥቅም ጀምሮ ከ11 በመቶ በላይ ጉዳት ድረስ ተለያየ። ለአንዱ ኃይል የሚቆጥበው ጫማ ሌላውን ያደክማል ማለት ነው።

ይህ ከሁሉም በላይ የሚነካው አትሌቱን ነው። ከአንድ ኩባንያ ጋር የተዋዋለ ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳደረው በዚያው ኩባንያ ጫማ ነው። ጫማው ካልተስማማው የውሉ ገንዘብ ቢገባም የሽልማቱ ገንዘብ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ አትሌቱም ሆነ ወኪሉ ከመፈረማቸው በፊት ጫማውን በራሱ በአትሌቱ እግር ማስለካት ያዋጣቸዋል። ቸርቻሪውም ቢሆን በካርቶኑ ላይ የተጻፈው መቶኛ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተሰጠ ዋስትና አለመሆኑን አውቆ ቢሸጥ ይበጀዋል።