ከትሉ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ፦ የጉበት ጉዳትና የዕፀዋት ውሁዶች በፎገራ ሜዳ ዐውድ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዙሪያ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ምድር በመሆኑ ለሩዝም ሆነ በስሙ ለሚጠራው ከብት የተመቸውን ያህል ለቀንድ አውጣም ተመችቷል። በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ የሚያድጉ ሁለት ጥገኛ ትሎች ጉበትን ይጎዳሉ፤ አንደኛው ከግጦሽ ሣር ጋር ተውጦ በዋናነት ከብትንና በግን የሚያጠቃው የጉበት ትል ሲሆን፣ ሁለተኛው በወረታ ከተማ ዙሪያ ሩዝ ለማረም በውኃ ውስጥ ቆሞ የሚውለውን ገበሬና ልጆቹን በቆዳቸው በኩል ገብቶ የሚያጠቃው ቢልሃርዝያ ነው።

የአንጀት ቢልሃርዝያ በጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው ከእንቁላሉ ነው። በጎኑ እሾህ ያለውና ርዝመቱ 0.14 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው እንቁላል በደም ተገፍቶ ወደ ጉበት በሚገቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ሲሰነቀር፣ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይከቡትና ግራኑሎማ የሚባል እብጠት ይሠራሉ፤ ኮከብ መሰል የሚባሉት የጉበት ሕዋሳትም ኮላጅን የተሰኘውን የጠባሳ ክር እያመረቱ የደም ሥሩን ዙሪያ ያጠነክሩታል። በዚህ ምክንያት ደም መተላለፊያ አጥቶ ግፊቱ ሲጨምር ጣፊያ ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮችም ተወጥረው ሊፈነዱ ይችላሉ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ በልጆች ላይ ጠባሳው ከሕክምናው በኋላ ሊቀንስ ቢችልም፣ ለዓመታት የቆየው ግን ብዙውን ጊዜ አይለቅም።

በኢትዮጵያ የዕፀዋት ምርምር በዚህ በሽታ ላይ ስሙን ያገኘው በመከላከሉ ረገድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ጥናታቸውን የጀመሩ ሲሆን፣ ገዳዩ ንጥረ ነገር አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን መሆኑ ታውቋል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እንዶድ የተጎዳ ጉበት አያድንም፤ ሆኖም ጠባሳው ሳይጀምር የሚያስቀር መንገድ በመሆኑ ክብሩ ሊቀንስ አይገባም።

ጠባሳውን ራሱን ለመቀነስ በተለይ በግብጽና በብራዚል የተሞከሩት ውሁዶች ሌሎች ናቸው። ከሜዲትራኒያን አካባቢ እሾሃም ተክል ዘር የሚገኘው ሲሊማሪን፣ የእርድ ቢጫ ቀለም የሆነው ኩርኩሚንና የጥቁር አዝሙድ ዘይት በቢልሃርዝያ በተያዙ አይጦች ላይ የግራኑሎማን መጠን ወይም የኮላጅንን ክምችት ቀንሰዋል፤ ይሁን እንጂ ኩርኩሚን በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ስሚዛና ቀጠጢና የተባሉት ዕፀዋትም ካርቦን ቴትራክሎራይድ በተባለ መርዝ ከሚደርስ የጉበት ጉዳት በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የመከላከል ኃይል አሳይተዋል። እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ብርቱ ነጥብ አለ፤ ያ መርዝ የሚያቃጥለው የጉበትን ሕዋስ ሲሆን፣ በቢልሃርዝያ ግን ሕዋሱ እስከ መጨረሻው ድረስ በአብዛኛው ይሠራል፣ የሚጠብበው የደም ሥሩ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ዕፅ ሁሉ ለጉበት ደግ አለመሆኑም በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታይቷል፤ በዚያ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ቤተሰቦችን ያጠቃው የጉበት በሽታ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም ከመጣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከሚባል መርዝ ጋር ተያይዟል።

ወደ ውሁዶቹ ስንመለስ፣ የቤተ ሙከራ አይጥ በአብዛኛው የሚለከፈው አንድ ጊዜ ሲሆን የፎገራ ገበሬ ግን በየክረምቱ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ በመሆኑም በሰው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ ውሁዱን ከፕራዚኳንቴል ጋር አጣምሮ መስጠት፣ ጠባሳውን በአልትራሳውንድ ለዓመታት መለካትና ዳግም የተያዙትን ለይቶ መቁጠር ይኖርበታል።