ማሲንቆና የማታ ተማሪው

አዲስ አበባ ውስጥ ቀን በሙዚቃ ትምህርት ቤት ውሎ ማታ አዝማሪ ቤት የሚያመሽ የማሲንቆ ተማሪ ብዙ አዛኝ አለው። “እንቅልፍ አጥቶ እንዴት ይማራል? ሥራው ትምህርቱን በላበት” ይባልለታል። አዘኔታው ከደግነት የመጣ ቢሆንም ሥራውን የትምህርት ሌባ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። ማሲንቆ በአሠራሩ ዝግ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ሊያልቅ የማይችል መሣሪያ ነው። ተማሪው ማታ የሚወጣው ለቤት ኪራይ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ይዞት የሚመለሰው ግን ክፍሉ ሊሰጠው ያልቻለውን የትምህርቱን ግማሽ ነው። ይህን ለመረዳት ከተማሪው የሰዓት ሰሌዳ በፊት መሣሪያውን ማወቅ ይገባል። ማሲንቆን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ጠጋ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው።

መልኩን በአጭሩ ልለፈው። በማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ገላ፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ረጅም አንገት፣ ከአናቱ አንድ መቃኛ፣ ከብዙ የፈረስ ጭራ ተሰብስቦ የተወጠረ አንድ አውታር፣ እንዲሁም በጭራ የተወጠረ ደጋን አለው። ጭራ ጭራን እንዲይዝ ዕጣን ይቀባል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ጭራ ዋጣ ይሉታል።

ሰው የሚሳሳተው አውታሩን ሲቆጥር ነው። “አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ ምን ያህል ሊያዜም ይችላል? ለመማርስ ምን ያህል ሊከብድ?” የሚለው ግምት በጣም ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ማሲንቆን የሚወድ ሰው እንኳ “በአንድ አውታር ይህን ሁሉ!” ብሎ ሲያደንቅ እንደ ተአምር ነው የሚያየው። ስሕተቱ አንድን አውታር እንደ አንድ ድምፅ ከመቁጠር ይጀምራል። ክራር ላይ ይህ አቆጣጠር ያስኬዳል። እያንዳንዱ አውታር ድምፁን ይዞ ይቀመጣል፤ ክራርተኛው ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ መሄድ ሲፈልግ አውታሮቹን እንደገና ይቃኛል። ፒያኖ ላይ ድምፁን ቁልፉ፣ ጊታር ላይ ደግሞ አንገቱ ላይ የተተከለው ብረት ወስኖ ይጠብቃል። ቫዮሊን ብረት ባይኖረውም አውታሩ እስከ እንጨቱ ተጭኖ ጠንካራ ማረፊያ ያገኛል። የማሲንቆ ተጫዋች ግን ጭራውን እስከ አንገቱ እንጨት ድረስ አይጫነውም። ጣቱ ጭራውን አየር ላይ እንዳለ ይነካዋል፤ አውታሩን የሚገታው የጣቱ ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣቱ የት እንዳረፈ ማወቅ አይበቃም። ምን ያህል እንደተጫነና በየትኛው ወገኑ እንደነካም ድምፁን ይለውጠዋል። ጠበቅ ሲያደርግ ጭራው ይበልጥ ስለሚወጠር ድምፁ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲያላላ ይታፈናል። ያ ከሰው ጉሮሮ የወጣ የሚመስለው የማሲንቆ መሳብና መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጣቱ የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ቢኖር ኖሮ ይህ ድምፅ አይኖርም ነበር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማንኛውም አውታር እኩሌታው ላይ ሲገታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሲርገበገብ አምስተኛውን ድምፅ ይሰጣል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የማሲንቆ ርዝመት ግን አንድ አይደለም። ቫዮሊን የትም ይሠራ የትም የታወቀ ልክ አለው። ማሲንቆን ባለሙያው ባገኘው እንጨትና በለመደው መጠን ስለሚሠራው፣ በአንዱ ላይ የሠለጠነ ጣት ሌላው ላይ ሲያርፍ ርቀቱ ይለወጥበታል። በአንዱ ማሲንቆ ላይ እንኳ ወደ ላይኛው ድምፅ በሄደ ቁጥር በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ቅኝት ሲቀየር መቃኛው አይነካም፤ የሚቀየረው የጣቶቹ መራራቅ ነው። ክራርተኛው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ጨርሶት የሚገባውን መቃኘት፣ የማሲንቆ ተጫዋች በዘፈኑ ውስጥ ድምፅ በድምፅ ሲሠራው ያመሻል። አውታሩ ባነሰ ቁጥር የጆሮው ኃላፊነት ይበዛል።

ጆሮ ደግሞ የሚሰላው ሁኔታ ሲለዋወጥበት ነው። የልምምድ ክፍል ሥራው ሁኔታን ማረጋጋት ነው፤ ጥቅሙም ጉድለቱም እዚያ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪው መሣሪያውን አንድ ጊዜ ቃኝቶ ረጅም ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ማታ እንዲህ ያለ ዕድል የለም፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ፀጉር እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፤ የአየር እርጥበት በፀጉር ይለካ የነበረው በዚህ ባሕርይው ነው። ጭራም ፀጉር ነውና ሲረዝም ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ቆዳውም እርጥበት ሲጠጣ ስለሚረግብ አውታሩ የተቀመጠበት እንጨት ዝቅ ይላል፣ ድምፁም ይደፈናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ፣ ከሐምሌ ብርድ ወጥቶ በሰው ትንፋሽ ወደሞቀ ጠባብ ቤት የገባ ማሲንቆ በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ጠባዩን ይለውጣል። ተጫዋቹም ዘፈኑን ሳያቋርጥ ለውጡን በጣቱ መከተል ይኖርበታል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል፤ ሊለመድ የሚችለው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ተማሪዎችን መገሠጽ ይገባል። ማሲንቆን ያለ ልብስ ዝናብ ላይ ይዞ መውጣት፣ ታክሲ ውስጥ ከሰው እግር ሥር መጣል፣ ቆዳውን ለማድረቅ ብሎ ፍም አጠገብ ረስቶ መሄድ መሣሪያውን በጥቂት ወራት ይገድለዋል። “ናይለን አይላላም” ብለው ጭራውን የሚያወጡም አሉ። ናይለን በእርግጥ እርጥበት እንደ ጭራ አያንገላታውም፤ ነገር ግን ደጋኑ የሚይዝበት ሻካራነት ስለሌለው ድምፁ ይቀጥናል፣ ተማሪውም መማር ከነበረበት ነገር ያመልጣል።

ከአየሩ በላይ የሚለዋወጠው ሰው ነው። የማሲንቆ ቅኝት የሚነሳው ከዘፋኙ ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ በጉንፋን ይወርዳል፣ ሌሊቱ ሲገፋ ይደክማል፣ ደስ ሲለው ይወጣል። ከታዳሚው አንዱ “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ሲሰጥ ሌላ ፈተና ይመጣል። ስንኙ ቤት ላይመታ፣ ልኩም ከዜማው ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል። አዝማሪው ሰጪውን ሳያሳፍር እዚያው ዜማ ውስጥ አስገብቶ መመለስ አለበት። ማሲንቆው በዚህ ጊዜ አጃቢ ብቻ አይደለም። አፍ ቀጣዩን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ የሚገዛው፣ የጎደለውን ቀለም በድምፅ የሚሞላው፣ ሰሙን ካለፈ በኋላ ወርቁ እንዲሰማ ቆም የሚለው እሱ ነው። ዜማን ከቃል ጋር እንዲህ በቅጽበት ማዋሐድ የየትኛውም የሙዚቃ ተማሪ ከባድ ፈተና ነው፤ የማሲንቆው ተማሪ በየምሽቱ ይፈተነዋል፣ ውጤቱንም ከታዳሚው ፊት ወዲያው ያነባል።

“አዝማሪ ቤት የመጠጥና የሽልማት ቤት ነው፤ ተማሪው የሚለምደው ሙዚቃ ሳይሆን ገንዘብ ያለውን ማወደስ ነው” የሚል ተቃውሞ አለ። ሐሰት ነው አልልም። ብር ግንባር ላይ በሚለጠፍበት ቤት ውስጥ ዜማው ከኪስ በኋላ የሚመጣበት ምሽት አለ። ይሁንና ሽልማት ስለሚሰጥበት ብቻ ጥበብ የለበትም ማለት አይቻልም። በካዛንቺስ ለዓመታት ስሙ የተጠራው አዝማሪ ቤት ፈንድቃ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። መላኩ በላይ እዚያ በሽልማት የሚኖር ተወዛዋዥ ነበር፤ ኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ በዓለም መድረክ የሚታወቅ የጥበብ ማዕከል አደረገው። የሚጎዳው ሽልማቱን ብቸኛ ደመወዝ ማድረግ ነው። ተማሪው በዚያ ምሽት የሚበላው ከግንባሩ ላይ በሚነሳው ብር ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ነገር ሞክሮ የመሳሳት ነፃነት አይኖረውም። ለዚህ ተወቃሹ ሙዚቀኛውን ያለ ቁርጥ ክፍያ የሚያሠራው ባለቤት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ድካም ነው፤ ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፣ ምክንያቱም እንቅልፍ ያጣ ጆሮ በእርግጥ ይደነዝዛል። የምሽት ሥራ ሙዚቀኛን እንደሚያሳድግ ግን የከተማዋ ታሪክ ይመሰክራል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው የተነሳ ታዳሚው እስኪነጋ ከሆቴል መውጣት ስለማይችል ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር፤ በሒልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እርስ በርስ የመደማመጥ ችሎታው በእነዚያ ሌሊቶች የተገነባ ነው። እርግጥ እነሱ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና የሚጠብቃቸው ተማሪዎች አልነበሩም። ከዚያው ባንድ ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄዶ ከቀረ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. “ላላ በሉ” የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ሥራና ልምምድ አብረው የሚኖሩበት መንገድ እንዳለ ይህ ያሳያል። ለማሲንቆ ተማሪ ደግሞ ዓመቱ ራሱ ያግዘዋል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ በሁዳዴ 55 ቀናት ሠርግ ስለሚቆም፣ በብዙ አዝማሪ ቤቶችም ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ገቢው ቢቀንስም ኖታና ታሪክ የሚያጠናበት ጊዜ ያገኛል። በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ምሽት መሥራትና በየቀኑ መሥራት አንድ አይደሉም፤ እኔ የምሟገተው ለመጀመሪያው ነው።

ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለዱ ደግሞ ከሌላው ወገን ይመጣሉ፦ “ምሽቱ ይህን ሁሉ ካስተማረ ትምህርት ቤቱ ለምን አስፈለገ?” ይላሉ። ምሽቱ የማይሰጠው ነገር ስላለ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከየአካባቢው የመጡ፣ አብረው ተጫውተው የማያውቁ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አሰባስቧል። እንዲህ ያለ ሥራ በቅኝት መስማማትን፣ የሌላውን ድርሻ ማወቅን፣ ዜማን ቀድሞ ማቀድን ይጠይቃል። የኦርኬስትራው ማሲንቆ ተጫዋች ጌታመሳይ አበበ፣ ከሰላም ጓድ ጋር የመጣውን አሜሪካዊ ቻርለስ ሰተንን ማሲንቆ አስተምሮታል፤ ስለዚህ ጥበቡ በደም ብቻ የሚወረስ አለመሆኑ ታይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ዕውቀት የአዝማሪ ልጅ ላልሆነም ከፍቶታል። ተማሪው ማታ በጣቱ የሚያደርገውን ለምን እንደሚሠራ ቀን ላይ ማወቁ፣ ሌላውን ለማስተማር ያበቃዋል።

“ኪቦርዱ የማሲንቆ ድምፅ አለው” ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። በኪቦርድ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ የአንድ ጣት የአንድ ቅጽበት ንክኪ ነው፤ ከዘፋኙ ጋር አይወርድም፣ አይሳብም። የሠርግ አዘጋጆች ተጫዋቹን ለፎቶ ደጃፍ ላይ አቁመው ውስጥ በኪቦርድ ሲያስጨፍሩ ከሁሉ ርካሹን መርጠው ውድ ነገር ይጥላሉ።

እንግዲህ ሥራው የትምህርቱ ግማሽ ከሆነ ትምህርት ቤቶች ሊመዝኑት ይገባል። ፈተናው ተማሪው በለመደው መሣሪያ፣ አስቀድሞ ባጠናው ዜማ ብቻ መሆኑ ይህን ግማሽ ሳይነካው ያልፋል። ለተመራቂው የማያውቀው ርዝመት ያለው ማሲንቆ ይሰጠው፤ ከዚያ በፊት አጅቧት የማያውቃት ዘፋኝ ትግባና የምትነሳበትን ድምፅ ሳትነግረው ትጀምር፤ መሐል ላይ ከትዝታ ወደ አምባሰል ትሻገር፣ ከፈታኞቹም አንዱ “ተቀበል!” ይበል። በየምሽቱ ይህን ሲያደርግ ለከረመ ተማሪ ፈተናው አዲስ አይሆንበትም፤ መምህሩም ማታ የት እንደሚያመሽ የሚጠይቅበት ምክንያት ይቀየራል።